ሃያ ሦስት ኪሎ ከነሻንጣው

ደብረ ማርቆስ ላይ እህል ስመዝን ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ገበሬው ያመጣል፤ እኔ ሚዛኑ ላይ አስቀምጣለሁ፣ አነባለሁ፣ የጆንያውን ክብደት እቀንሳለሁ፣ ሒሳቡን እነግረዋለሁ። የጆንያውን መቀነስ ለእኔ ቤተ ክርስቲያን ሳልፍ እንደ ማማተብ ነው፤ ሳላስበው እጄ ይሠራዋል። ለጆንያ የሚከፍል ነጋዴ የለም። ልክፈል ቢል ገበሬው ራሱ ይስቅበታል። ይህን የማነሳው ሙያዬን ለማወደስ አይደለም። ባለቤቴ ልጃችንን ልታርስ ጀርመን አገር ስትሄድ የሠራሁት ስህተት ከዚሁ ሙያ ስለመጣ ነው።

ልጃችን የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃርባ ነበር። ባሏ ከሥራ የሚያገኘው ፈቃድ አጭር ነው፤ እዚያ እናት የለ፣ አክስት የለ፣ ማን ያርሳት? ቪዛው በብዙ ወረቀትና በብዙ ስለት ተገኘ። ትኬቱን ልጃችን ከዚያው ቆርጣ በስልክ ላከችልን። ትኬቱ እንግሊዝኛ ነው፤ የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ ዐሥረኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ቁጥሩን ግን አነበብኩት። ሁለት፣ ሃያ ሦስት፣ ሰባት ይላል።

ልጃችን በስልክ አስረዳችኝ። «አባዬ፣ ሁለት ሻንጣ ነው የሚፈቀድላት። እያንዳንዱ ከሃያ ሦስት ኪሎ እንዳያልፍ። ደምረህ አርባ ስድስት እንዳትል እሺ? አንዱ ሠላሳ ሌላው ዐሥራ ስድስት ቢሆን አይቀበሉም፤ እያንዳንዱ ለየራሱ ነው የሚመዘነው። በእጅ የምትይዘው ደግሞ ሰባት ኪሎ።»

«የሚዛኑን ነገር ለእኔ ተይው» አልኳት።

«የሻንጣው ቁመትና ስፋትም ይለካል።»

«እለካዋለሁ።»

«ቅቤና ቋንጣ እዚህ አያስገቡም። እማዬ ደብቃ እንዳትይዝ።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ በቀን ስንት ኩንታል ነው የምመዝነው?» አልኳት። ሳቀች። ነገሩ በዚያ አለቀ። ከነገረችኝ ውስጥ አንድም የዘነጋሁት የለም። ያልነገረችኝ አንድ ነገር ነበር፤ እሱንም ያልነገረችኝ፣ የማያውቅ ሰው ይኖራል ብላ ስላልጠረጠረች ነው።

ባለቤቴ የምትሄድ መሆኑ በተሰማ በሳምንቱ ቤታችን ፖስታ ቤት መሰለ። በእኛ አገር መንገደኛ የራሱን ብቻ ይዞ አይሄድም። ደብረ ወርቅ ለንግሥ የሚሄድ ሰው እንኳ የሦስት ጎረቤት ጧፍ ይዞ ነው የሚሄደው። ከፊት ለፊታችን ያለችው ጎረቤት ለእህቷ በርበሬ አመጣች። ዳቦ ጋጋሪዋ ለልጇ ሽሮ አመጣች። የዕድራችን ሰብሳቢ ለወንድማቸው ልጅ በሶ ይዘው መጡ። የወንድማቸው ልጅ የሚኖርበት ከተማ ከእኛ ልጅ ስድስት ሰዓት ይርቃል፤ ለእሳቸው ግን ጀርመን ጀርመን ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አሉኝ ሰብሳቢው ፊቴን አይተው።

«አውሮፕላኑ ሃምሳውንም በአንድ ሰው ስም ነው የሚቆጥረው» አልኳቸው።

ባለቤቴ እምቢ ማለት አትችልም። ብትሞት አትችልም። ስለዚህ ሥራውን ከእጇ ወሰድኩና የሰውን ሁሉ ዕቃ እዚያው ግቢያችን ውስጥ ወዳለው መጋዘኔ አዞርኩት። ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ የሚያመጣ የለም ብዬ ደነገግሁ። ያለፈውን እያጎደልኩ እዚያው ለባለቤቱ መለስኩ። ጎረቤታችን ግማሽ ኪሎ በርበሬዋን ይዛ ስትመለስ ሰላምታ እንኳ አልሰጠችኝም። ግድ አልነበረኝም። በሚዛን ላይ ይሉኝታ ከገባ ንግድ ብሎ ነገር የለም።

በመጨረሻ የመጣችው ታላቅ እህቴ ናት። የምትኖረው ቁይ ነው። እናታችን የሞተችው እኔ ገና ልጅ ሳለሁ ስለሆነ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አንድ ልጅ አላት፤ እሱም ጀርመን ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ለበዓል ይደውላል፤ አንዳንዱን በዓል ደግሞ ይዘለዋል። የእኛ ልጅ ጋ አንድም ቀን ብቅ ብሎ አያውቅም። እህቴ በሚኒባስ ስትመጣ በነጠላ ጠቅልላ የያዘችው ጋቢ ነበር። ፈትሉን ራሷ ፈትላ፣ ለሸማኔ ሰጥታ ያሠራችው ነው።

«ከእንግዲህ አልፈትልም» አለችኝ። «ዓይኔን ሞራ ሸፍኖት ክርና ጥጥ መለየት ትቷል። ይኼ የመጨረሻው ነው። ለልጄ ይድረስልኝ።»

ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ሁለት ኪሎና ጥቂት ሆነ። ከደነገግሁት ያልፋል፤ ግን እህቴ ናት፣ አሳለፍኩት። እንደ ትልቅ ውለታ ነበር የታየኝ።

«ይደርሳል እትዬ፣ አታስቢ» አልኳት። «እኔ መዝኜ ያስገባሁት አይወጣም።»

የእኛ የራሳችን ዕቃ ትንሽ ነበር። ዋናው አምስት ኪሎ የገንፎ ዱቄት ነው። ባለቤቴ ገብሱን ለቅማ፣ ሸክሽካ፣ ቆልታ፣ ወፍጮ ቤት ራሷ ቆማ አስፈጭታዋለች። ከእሱ ጋር ተልባ አለ፤ ለክርስትናው ዕለት የምትለብሰው ቀሚስና አዲስ ጫማም አለ።

ከገበያ ሁለት ባለጎማ ሻንጣ ገዛሁ። ጠንካሮች ናቸው። መጀመሪያ ባዷቸውን መዘንኳቸው። አንደኛው አራት ኪሎ ከሁለት መቶ፣ ሁለተኛው አራት ኪሎ ከአንድ መቶ ሆነ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ከዚያ ሞላናቸው፣ መዘንኩ፣ አወጣሁ፣ አስገባሁ፣ እንደገና መዘንኩ። ጎረቤት ሳይቀር ቆሞ ያይ ነበር።

«ሃያ ሦስት ልክ! ግራም አልተረፈም» አልኩ።

ባለቤቴ ጎንበስ ብላ አየች። «ሚዛኑ ሃያ ሰባት ነው እኮ የሚለው።»

«የሻንጣውን ቀንሼ ነዋ።»

«እንዲያ ነው እንዴ?»

«ታዲያ ለባዶ ሻንጣ ያስከፍሉሻል?»

የሻንጣውን ዚፕ ዘጋች። የቆመውም ሰው ልክ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከመሀላችን አንድም ተሳስተሃል ያለኝ አልነበረም፤ ሁሉም ዕድሜውን ሙሉ ሲያይ የኖረው ጆንያ ሲቀነስ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ተነሳን። ደጀን ላይ ቁርስ በላን፤ የዓባይን በረሃ ስንወርድና ስንወጣ ባለቤቴ ስለ ሻንጣዎቹ እንጂ ስለ ገደሉ አላሰበችም። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አድረን በነጋታው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄድን። ፈርቼ ስለነበር ከሰዓቱ እጅግ ቀድመን ነው የደረስነው፤ ፀሐይዋ ገና አናታችን ላይ ነበረች።

ሸኚ አይገባም አሉን። ይህን አላሰብኩበትም ነበር። እኔ የታየኝ ከጎኗ ቆሜ ሚዛኑን ሳነብላት ነው። ሁለቱን ሻንጣ ጋሪ ላይ ጫንኩላት፣ ፓስፖርቷን በእጇ አስያዝኳት፤ እየገፋች ገባች። በሕይወቷ አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። እኔ በሩ ማዶ ቆሜ ቀረሁ።

ብዙ ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ።

«ሃያ ሰባት ከምናምን ነው አለችኝ ሻንጣ የምትመዝነው ልጅ» አለች ባለቤቴ። «ሁለቱም።»

«የሻንጣውን ቀንሺ በያት።»

ስትነግራት ይሰማኛል። ከዚያ ልጅቷ ራሷ ስልኩን ተቀበለች።

«ጤና ይስጥልኝ አባባ። የሻንጣው አይቀነስም።»

«ልጄ፣ ሃያ ሦስት ኪሎ ዕቃ ነው ያላችሁት። ዕቃው ሃያ ሦስት ነው፤ እኔ ራሴ ነኝ የመዘንኩት።»

«አባባ፣ አውሮፕላኑ ሻንጣውንም ነው የሚሸከመው።»

መኪናም ጆንያውን ይሸከማል፤ አህያም ትሸከማለች። ግን በሠላሳ ዓመት ይህን አንስቶ የተከራከረኝ ባለመኪናም ሆነ ባለአህያ አልገጠመኝም።

«ትርፉ ኪሎ በስንት ነው ታዲያ?» አልኳት፤ ወደማውቀው ነገር መመለሴ ነው።

«በኪሎ አይደለም፣ በሻንጣ ነው። ከሃያ ሦስት አልፎ እስከ ሠላሳ ሁለት ድረስ አንድ ዋጋ ነው።»

«አንድ ኪሎ ቢተርፍም ዘጠኝ ኪሎ ቢተርፍም?»

«አዎ አባባ።»

«ከሠላሳ ሁለት በላይስ?»

«ከዚያ በላይ አንቀበልም። የሚያነሱት ሰዎች ናቸው።»

እዚህ ላይ ነጋዴው ተነሳብኝ። በአራት ኪሎ ትርፍ የዘጠኝ ኪሎ ልከፍል ነው ማለት ነው። ይህን ባውቅ ኖሮ ሁለቱንም እስከ ሠላሳ ሁለት ሞልቼ፣ የጎረቤታችንንም ግማሽ ኪሎ በርበሬ አልመልስባትም ነበር። «ትርፉን ሁሉ ለብቻው በሦስተኛ ሻንጣ ብናደርገውስ?» አልኳት። እሱም የራሱ ክፍያ አለው አለችኝ፤ ቀደም ብሎ የከፈለ ቅናሽ ያገኛል፣ እዚህ መጥቶ የሚከፍል ግን ሙሉውን ነው። ዋጋውን ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። ወደ ብር መነዘርኩት። የአንዱ ሻንጣ ትርፍ አንድ ኩንታል ማኛ ጤፍ ያህላል። ሁለቱ፣ ሁለት ኩንታል።

«አባባ፣ ወረፋ አለ» አለችኝና ስልኩን መለሰችላት።

ገንዘብ አልነበረኝም ልል እችል ነበር፤ ነበረኝ። ለክፉ ቀን ብዬ ይዤው የሄድኩት ብር ደረት ኪሴ ውስጥ ነው። ግን እልህ ያዘኝ። ለስምንት ኪሎ ዱቄትና በርበሬ ሁለት ኩንታል ማኛ! በገዛ ሚዛኔ ተሳስቼ በሰው ሚዛን ልቀጣ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኼ ነው።

«ስሚኝ» አልኳት ባለቤቴን። «ጋቢውን አውጪ። የሰፈሩን በርበሬና ሽሮ አውጪ። የልጄን ገንፎ እንዳትነኪ።»

«ጋቢውን?»

«እዚያ ብርድ ልብስ ሞልቷል። እትዬን እኔ አስረዳታለሁ።»

«እሺ» አለችና ዘጋችው።

በትዳር ሠላሳ አንድ ዓመት ኖረናል። የባለቤቴን እሺ አውቀዋለሁ ባይ ነኝ። አንዱ እሺ እሺ ነው፤ ሌላው ግን ንግግሩ ይብቃ ማለት ነው። ያን ዕለት የትኛው እንደሆነ ለማዳመጥ ጊዜ አልነበረኝም። ለእህቴ ምን እንደምላት እያሰብኩ ነበር። ከብዶ ነው፣ ደንቡ ነው፣ ልጅቷ እምቢ ብላ ነው እላታለሁ። ልጅቷ እምቢ ብላ ነው የሚለው ይሻላል ብዬ ወሰንኩ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ባለቤቴ ጥበቃውን አስፈቅዳ በሩ ድረስ መጣች። ሁለት ፌስታል ይዛለች። ፊቷ በላብ ርሷል፤ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ተጠቅልሏል። ሻንጣዎቹን መሬት ላይ ዘርግታ፣ ሰው እያያት፣ ብቻዋን ስታወጣና ስታስገባ ቆይታ ነው። ፌስታሎቹን ተቀበልኩ። በእጄ ሳነሳቸው ስምንት ኪሎ ከግማሽ ያህላሉ። አንዱን ከፈትኩት። ከላይ አዲሱ ጫማዋ፣ ከሥሩ የክርስትናው ቀሚሷ፣ ከዚያ ተልባው አለ። በሁለተኛው ፌስታል ውስጥ አምስት ኪሎ የገንፎ ዱቄት።

«ጋቢውስ?»

«ውስጥ ነው።»

«እኔ ምን ነበር ያልኩሽ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ለልጅሽ የፈጨሽውን!» አልኳት፤ ሳልጮህ አልቀረሁም፣ ጥበቃው ዞሮ አየኝ። «እህል እህሉን እየለቀምሽ ሌሊት የተቀመጥሽበትን! የሰው በርበሬ ይዘሽ የልጅሽን ገንፎ ትተሽ ትሄጃለሽ?»

«ልጄ ጋ እኔ እሄድላታለሁ» አለችኝ። «የእህትህ ልጅ ጋ የሚሄድለት ጋቢው ብቻ ነው።»

ጥበቃው «እናቴ፣ ይግቡ» አላት። ገባች። በደንብ እንኳ አልተሰነባበትንም። ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ተሻግራ ስትሄድ የመጨረሻው ቃሌ ስለ በርበሬ ሆነ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

በነጋታው ፌስታሎቹን ጭኔ ላይ አድርጌ ወደ ማርቆስ ተመለስኩ። ከአዲስ አበባ የገንፎ ዱቄት ይዞ ወደ ጎጃም የገባ ሰው እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ምን እንደያዝኩ ጠየቀኝ፤ ሲሚንቶ ነው አልኩት።

ልጃችን በሰላም ሴት ልጅ ወለደች። ባለቤቴ ከሱቅ የተገዛ የአጃ ዱቄት እያገነፋች አረሰቻት። ልጄን በስልክ ስጠይቃት «ይጣፍጣል አባዬ» አለችኝ። እውነቷን ይሁን ልታጽናናኝ አላወቅሁም። የሰፈሩ ዕቃ በሙሉ ለየባለቤቱ ደረሰ። ጎረቤታችን ኩርፊያዋን ትታ መጥታ አመሰገነችኝ። የዕድሩ ሰብሳቢ በስብሰባ ላይ ስለ ሚዛኔ ተናገሩ፤ እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው የለም አሉ። አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ። ዱቄቱ ጓዳ ውስጥ መኖሩን ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ሁሉ ሻንጣውን እኔ ጋ ያመጣል፤ ከነሻንጣው ሃያ ሁለት ሲሞላ በቃ እላለሁ። ለምን ከነሻንጣው እንደምመዝን የጠየቀኝ የለም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ የእህቴ ልጅ በባቡር መጣ። አራሷን ሊጠይቅ፣ ጋቢውንም ሊወስድ። ባለቤቴ እንደነገረችኝ፣ ሲሰጡት ቆሞ አየው፣ ከዚያ ለበሰው፣ ምሳ ሲቀርብም አላወለቀውም። አለቀሰ አላለችኝም። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ብዙ ቆየ ብቻ አለችኝ። ሲወጣ ለእናቱ በድምፅ መልእክት ቀዳ፤ ባለቤቴ ከፎቶው ጋር ለእኔ ላከችልኝ። የእህቴ ስልክ ቁልፍ ያለው ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቀበልም። ስለዚህ ይዤላት ቁይ ሄድኩ።

ፎቶውን ዓይኗ ሥር አስጠግታ አየችው። ነጭ ነገር ይታየኛል አለች። ድምፁን ሦስት ጊዜ አሰማኋት። «እማዬ፣ ደረሰኝ። እንዴት ነው በዚያ ዓይንሽ የፈተልሽው? በየሳምንቱ እደውላለሁ፤ ዓይንሽንም እናሳክመዋለን» ይላል። በሦስተኛው ላይ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ደረቷ ላይ አደረገችው፤ መናገር ካቆመ በኋላም ቆየችበት።

ከዚያ መረቀች። «ሚስትህን እግዜር ይባርክልኝ። እጇን ቁርጥማት አይንካው። የወለደችው ይውለድላት። እንደ ወጣች በደህና ትግባ።» ረጅም ምርቃት ነው። እኔ አሜን እያልኩ ተራዬን ጠበቅሁ። ሚዛኑ የእኔ ነው፣ ሻንጣው የእኔ ነው፣ እስከ አዲስ አበባ የሸኘሁትም እኔ ነኝ። ምርቃቱ አለቀ፤ የእኔ ስም የለበትም።

ባልናገር ይሻል ነበር። አልቻልኩም።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት። የሻንጣውን ክብደት መቀነሴን፣ ብሩ ኪሴ ውስጥ መኖሩን፣ ጋቢውን አውጪ ማለቴን፣ ላንቺ ደግሞ ልጅቷ እምቢ አለች ልልሽ ነበር ማለቴን። ስጨርስ ትቆጣለች፣ ወይም ግድ የለም ወንድሜ ትለኛለች ብዬ ነበር።

«ገምቼዋለሁ» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝ። ጋቢውን ያመጣሁ ለት አንተ ሚዛንህ ላይ ስትጎነበስ እኔ ጓዳ ገብቼ ሚስትህን አስምያታለሁ። ከከበደው መጀመሪያ የሚያወርደው የእኔን ነው፣ አደራ እንዳትሰሚው አልኳት።»

ባለቤቴ ይህን አንድም ቀን አላነሳችብኝም።

«እንዴት እንዲህ ታስቢኛለሽ እትዬ?» አልኳት።

ስልኬን መለሰችልኝ።

«አሳድጌህ የለ?» አለችኝ። ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም።